ዲፈረንሻሉን ሳትፈቱ ጎማውን እዩ

ኦል ዊል ድራይቭ (ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞር) መኪና ላይ ጀማሪ መካኒኮች የሚደጋግሙት ስህተት ብዙ ነው፤ ትዕግሥቴን የጨረሰው ግን የጎማው ነው።

መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝ መኪናዋ ያዝ ለቀቅ እያደረገች ከተንቀጠቀጠች ወዲያው "ሴንተር ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) ሄዷል" ይባላል። ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ጎንበስ በል። ባለንብረቱ ብር ሲያጥረው ሁለት አዲስ ጎማ ፊት አስገብቶ የተላጨውን ጥንድ ኋላ ትቶታል። ዙሪያቸው የተለያየ ጎማዎች እኩል አይዞሩም፤ ፊትና ኋላ ሲጓተቱ ይውሉና ፊትና ኋላን የሚያያይዘው ክላች በሙቀት ያልቃል። ሱባሩ በአራቱ ጎማ ዙሪያ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ ሌላ ጋራዥ ትራንስፈሩን (ሴንተር ዲፈረንሻሉን ወይም ክላቹን የያዘውን ክፍል) አስቀይሮ፣ መንቀጥቀጡ ሳይለቀው እኔ ጋ መጣ። በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ብለካው የኋላው ጎማ ከፊቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ብሩ ግን ወጥቷል።

ያንኑ ጥምዝ አንዴ አስፋልት፣ አንዴ ጠጠር ላይ ሞክሩት። መንቀጥቀጡ ጠጠር ላይ ከጠፋ ፊትና ኋላ ተያይዘው አልላቀቅ ብለዋል ማለት ነው። ጎማውም ንፋሱም እኩል ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ ወደ ክላቹ ሂዱ።

ኮድ አንብቦ ዕቃ ማዘዝም አለ። የፎር ዊሉና የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት አብረው ከበሩ ኋላ ያለውን ከፕሊንግ (ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያገናኘውን) አትንኩ፤ የጎማ ፍጥነት መረጃ ሲያጣ ራሱ ሥራ ያቆማል። ጂ ኤም መኪና ላይ ሲ0035 የሚለው ኮድ የፊት ግራ ጎማ ሴንሰር መስመር ችግር አለበት ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል አይደለም። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳችሁ የአራቱን ጎማ ንባብ ጎን ለጎን እዩ። አንዱ ድንገት ዜሮ ከገባ ሽቦውን ከጎማው እስከ ሶኬቱ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ተበጥሷል። የደከመ ባትሪም ይህንኑ መብራት ያበራል።

ዘይት፦ የድሮው ሆንዳ ሲ አር ቪ የኋላ ዲፈረንሻል ሲታጠፍ የሚያቃስተው አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ አርጅቶ ነው። የራሱን ዘይት ቀይሩለት። 90 ቁጥር (ወፍራሙን የማርሽ ዘይት) ከጨመራችሁበት ውስጡ ያለውን ክላች ገደላችሁት።

የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ጩኸትን የዲፈረንሻል ነው ብሎ መፍታት የተለመደ ነው።

አንድ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስቶ ማርሽ ማስገባት ክልክል ነው፤ መሬት የነኩት ጎማዎች ከያዙ መኪናዋ ከክሪኩ ዘልላ ትወርዳለች። ደንበኛ ከሩቅ ከደወለ ደግሞ ሁለት ጎማ አንጠልጥሎ እንዳያስጎትት ንገሩት፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ ተጭና ትምጣ።