አዲሷ መኪናችሁ ተቀያሪ ጎማ ከሌላት

አዲስ መኪና ስትረከቡ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት የኋላውን የዕቃ ቦታ ክፈቱና ምንጣፉን አንሱት። ተቀያሪ ጎማ አለ? ወይስ ትንሽ ኮምፕረሰርና አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ?

ጎሚስታ ነኝ። አዳማ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው የምሠራው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እኔ ዘንድ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ብዙዎቹ ተቀያሪ የላቸውም። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ጎማው ከተነፈሰ በኋላ ነው።

ፋብሪካዎቹ ምክንያት አላቸው። ጎማ ከነቸርኬው 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ቦታም ይይዛል። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው የተነሳ ድሮም ከባድ ነው። ይገባኛል። ግን ይህ ስሌት የተሠራው ስልክ ተደውሎ ጎታች መኪና ቶሎ ለሚደርስበት አገር ነው። ከወለንጪቲ አልፎ ወደ መተሐራ በምሽት ለሚነዳ ሰው አይሆንም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ፈሳሹ ይበቃችኋል። ከአዳማ የምትወጡ ከሆነ ግን ተቀያሪ ግዙ።

ፈሳሹ የሚሠራው ሚስማር የጎማውን መሬት የሚነካ ፊት ሲወጋው ነው፤ ያውም ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጎኑ ከተቀደደ ወይም ቸርኬው ከተጣመመ ምንም አይረዳችሁም። ስትጠቀሙበት ሚስማሩን አትንቀሉ። ፈሳሹን አስገቡ፣ የሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ልክ ንፋስ ሙሉ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁሙና ለኩት። በጣም ከወረደ አትቀጥሉ። ከያዘ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ በቀጥታ ወደ ጎሚስታ። እባካችሁ ስትደርሱ "ፈሳሽ አለበት" በሉን። ጎማውን ስንፈታ ይደፋብናል፤ ሳይታጠብ ከቆየም የንፋስ መለኪያ ሴንሰሩን ሊያበላሸው ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የሚያበቃበት ቀን መጻፉንም አትርሱ።

ተቀያሪ መግዛት ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው። "አምስት ብሎን ነው፣ ይገባል" ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ከመኪና መኪና ይለያያል። የቮልስዋገኑ የኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4፣ ክቡ 112 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ ቶዮታዎች ደግሞ 114.3። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ተገፍቶ ቢታሰር ግን አደጋ ነው። የመሀሉ ቀዳዳም መግጠም አለበት፣ ቸርኬውም ፍሬኑን መንካት የለበትም። ሌላም አለ። አይዲ 4 የፊት ጎማው ስፋት 235 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 255 ነው። እንዲህ ላለው መኪና የሚመቸው ለሱ የተሠራ ቀጭን ተቀያሪ ነው። ቀጭኑ ንፋሱ ብዙ ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው፣ ፍጥነቱም ከ80 አያልፍም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ ከፊትም ከኋላም አስገጥማችሁ እዩት።

ክሪኩም ይታሰብበት። አይዲ 4 2 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የአሮጌ ቪትዝ ክሪክ አይችለውም። ክሪኩን የምታስገቡት ከበሩ በታች ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው። ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነውና መሀል ላይ በፍጹም እንዳታስጠጉ። ብሎኑ ልዩ ቁልፍ ካለው ቁልፉን ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ። የተቀያሪውን ንፋስ በየወሩ አስለኩ።

የአዲስ አበባ-አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከተነፈሰባችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ መኪና በ120 ነው የሚያልፈው። ወደ ዳር ውጡ፣ አደጋ መብራት አብሩ፣ ሰዎቹን ከብረት አጥሩ ወዲያ አሻግሩ። የተነፈሰው በመንገዱ በኩል ያለው ጎማ ከሆነ ራሳችሁ ለመቀየር አትንበርከኩ፤ ለመንገዱ ሠራተኞች ደውላችሁ ጠብቁ።