ለሕዝብ አገልግሎት ፌሎሺፕ ከጎንደር ሆኖ እንዴት ማመልከትና መመደብ ይቻላል

የሕዝብ አገልግሎት ፌሎሺፕ አንድ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በአህጉራዊ ተቋም ለተወሰነ ጊዜ ተመድቦ እየሠራ የሚማርበት ዕድል ነው። በቅርብ የምናውቀው ምሳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ አፍሪካውያንን ለ12 ወራት ይመድባል። ከጎንደር የሚላኩ ማመልከቻዎችን ሳነብ ደጋግሜ ያዘንኩበት ነገር አለ፤ ብዙ ወጣቶች የሚያኮራ ሥራ ሠርተው ሳለ ወረቀቱ ላይ ግን ሥራው አይታይም።

በመጀመሪያ ማስታወቂያውን ቀንና ሰዓት እያሰሉ ያንብቡ። የመዝጊያው ሰዓት «23፡59 ጂ.ኤም.ቲ.» (የግሪንዊች ሰዓት፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር) ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡59 ማለት ነው፤ ሆኖም በዚያ ሌሊት መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ማንም ስለማይደርስልዎ፣ ቢያንስ 3 ቀን ቀደም ብለው ይላኩ። የልደት ቀንዎን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲቀይሩም 7 ወይም 8 ዓመት በመደመር ብቻ አይወሰኑ። መስከረም 1 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999 ነው፤ የዕድሜ ገደብ ባለበት ውድድር አንድ ቀን እንኳ ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ስምዎን ያስተካክሉ። «ጸሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በማመልከቻው ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ይከተሉ፤ የአባትንና የአያትን ስም ቅደም ተከተል ሳይቀይሩ ልዩነቱን በአጭር ማብራሪያ ያያይዙ። ዲግሪዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና የሥራ ልምድ ማስረጃዎን በግልጽ ስካን አስደርገው በኢሜይልዎ ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ በማመልከቻው ውስጥ ስለ ሥራዎ ወደሚጽፉት ድርሰት እንምጣ። በቢሮ አማርኛ ያደግን ሰዎች «የአሠራር ማሻሻያ ተደርጓል»፣ «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ብለን እንጽፋለን፤ ማን እንዳደረገው አይታወቅም። «እኔ» ማለትም ትዕቢት ይመስለናል። በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ ወጣት ያሳየችኝ የመጀመሪያ ረቂቅ «በካርድ ክፍሉ የአገልግሎት አሰጣጥ ተሻሽሏል» በሚል አንድ መስመር ያበቃ ነበር። ምን እንዳደረገች ስጠይቃት፣ ካርዶቹ በስም ተደርድረው ስለነበር ስመ ሞክሼ የሆኑ ታካሚዎች ካርድ ይምታታ እንደነበር፣ እሷ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆየች ሁሉንም በቁጥር እንደደረደረቻቸው፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችም ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ ፊት ለረጅም ጊዜ መቆም እንዳቆሙ ነገረችኝ። ድርሰቷ ይኸው ነበር። እርስዎም ችግሩን፣ በእጅዎ ያደረጉትን፣ ከዚያም የተለወጠውን በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ያልሠሩትን ግን አንዲት ቃል አይጨምሩ።

የምስክርነት ደብዳቤ ሲጠይቁ ከድጋፍ ደብዳቤ ይለዩት። የድጋፍ ደብዳቤ ማኅተም ያረፈበት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መሆንዎን የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ መራጮች የሚፈልጉት ሥራዎን በዓይኑ ያየ ሰው የሚሰጠውን ቃል ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይልቅ የቅርብ አለቃዎን ይጠይቁ፤ ድርሰትዎንም ከመዝጊያው ቀን 3 ሳምንት ቀደም ብለው ይስጧቸው። ለቃለ መጠይቁ ያንኑ ታሪክ ጮክ ብለው በ2 ደቂቃ መናገርን ይለማመዱ።

ብዙ ሰው ካለፈ በኋላ የሚዘናጋበት ምዕራፍ ምደባ ነው። የሚመርጡትን ቦታ በቅደም ተከተል እንዲጽፉ ከተጠየቁ፣ የከተማውን ስም ሳይሆን እዚያ የሚሠራውን ሥራ ተመልክተው ይምረጡ፤ ምክንያቱንም ይግለጹ። በዚህ ረገድ ጎንደር ጥሩ አብነት አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙዩኒቲ ነርሶችንና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ጤና አጠባበቅ) ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የገጠር ምደባ የደረሰው ሰው ከዋና መሥሪያ ቤት ይልቅ ብዙ ኃላፊነት በቶሎ ሊረከብ ስለሚችል፣ ቦታው ሩቅ ነው ብለው ወዲያው አይመልሱት።

የምደባ ደብዳቤው ሲደርስዎ የሚጀምሩበትን ቀን፣ የኪስ ገንዘቡን፣ የመኖሪያና የጉዞ ወጪውን፣ የጤና ዋስትናውንና የቅርብ ኃላፊዎን ማንነት ይፈትሹ፤ ግልጽ ያልሆነውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ተቀጣሪ ከሆኑ፣ የመሥሪያ ቤትዎን ፈቃድ በቃል ሳይሆን ቁጥርና ቀን ባለው ደብዳቤ ይያዙ፤ ሲመለሱ መደብዎ እንደሚጠበቅ በደብዳቤው ላይ መጻፉን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ። ከዚያም መቀበልዎን በተሰጠው ቀን ውስጥ አሳውቀው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከኃላፊዎ ጋር የሥራ ዝርዝርዎን በአንድ ገጽ ጽፈው ይስማሙ።