ነፍሳት ስትሰበስቡ ወረቀቷን አደራ

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለኢንቶሞሎጂ (የነፍሳት ጥናት) ኮርስ ነፍሳት ሰብስባችሁ አምጡ ተባልን። ጥቅምት ላይ ሱሉልታ ወርጄ ጢንዚዛውን፣ ፌንጣውን፣ ቢራቢሮውን ለቃቅሜ ሳጥን ሙሉ ይዤ ቀረብኩ። ከእያንዳንዱ ሥር በሰካኋት ወረቀት ላይ «5/2/08» ብያለሁ። መምህሬ አየና «ውጭ አገር ያለ ሰው ይህን ፌብሩዋሪ 2008 ብሎ ነው የሚያነበው» አለኝ። እኔ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለቴ ነበር። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 16 ቀን 2015 መሆኑ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ተሳሳትኩ ማለት ነው። አደይ አበባ ላይ የያዝኩት ጢንዚዛም በጋ መሀል የተያዘ መሰለ።

አሁንም መስከረም ሲጠባ መረቤን ይዤ እወጣለሁ። ዝናቡ አባርቶ አበባው ገና ሳይረግፍ ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም።

መረብ ለመግዛት አትድከሙ። ስስ መጋረጃ፣ ወፍራም ሽቦና የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። (አጎበሩን ለወባው ተዉለት።) የሽቦው ክብ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስፋ፤ የከረጢቱ ጥልቀት ደግሞ የዚያ እጥፍ ይሁን። ምክንያት አለኝ። ቢራቢሮዋ ስትገባ እጀታውን ግማሽ ዙር ታዞሩታላችሁ። ያኔ ከረጢቱ ሽቦው ላይ ይታጠፍና አፉ ይዘጋል። አጭር ከሆነ ግን አይታጠፍም፤ ዓይናችሁ እያየ ትወጣለች። ሣር ለመጥረግ ከሆነ ከመጋረጃ አቡጀዲ ይሻላል፤ እሾህ ቶሎ አይቀደውም።

መሬት ለመሬት ለሚሄዱት ሃይላንድ ቆርጣችሁ ቅበሩ። አፉ ከአፈሩ እኩል ይሁን፤ ትንሽ ከፍ ካለ ጢንዚዛው ዞሮት ያልፋል። ውስጡ ትንሽ የሳሙና ውሃ አድርጉ። ከአፉ በላይ በእንጨት እበት ካንጠለጠላችሁ የእበት ጢንዚዛ ይመጣላችኋል። ጠዋት ሄዳችሁ እዩት። የእሳት እራት የምትፈልጉ ደግሞ ጨረቃ በሌለበት ማታ ነጭ አንሶላ ዘርግታችሁ አምፖል አብሩበት።

አበባ ላይ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ጢንዚዛ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩ። አንዳንዶቹ ሲጨመቁ የሚያወጡት ፈሳሽ ቆዳ ያቆስላል። ፓርክ ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሰበሰብም።

ለመግደል ቀላሉ መንገድ ፍሪዘር ነው፤ አንድ ሌሊት ይደር። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሥር ጀሶ አፍስሳችሁ አድርቁና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ከእሳትና ከልጆች ራቅ ይበል። ቢራቢሮና ጢንዚዛ ግን አንድ ጠርሙስ ውስጥ አይግቡ፤ ጢንዚዛው ሲንፈራገጥ ክንፏን ዱቄት ያደርገዋል።

መርፌው ቢራቢሮን ደረቷ መሀል፣ ጢንዚዛን በቀኝ ክንፍ ሽፋኑ በኩል ይውጋ። መሀሉን ከወጋችሁት ዝርያውን ለመለየት የሚረዳው ምልክት ይበላሻል፤ በቀኝ ከሆነ ግራው ሳይነካ ይቀራል። ተራ ስፒል ይዝጋል፤ ከቻላችሁ ለነፍሳት የተሠራውን ፈልጉ። መስኪያው የቲቪ ማሸጊያ ፎም ቢሆን ምንም አይል።

አሁን ወደ ወረቀቷ። የጥፍር ያህል ናት፤ ግን ያለ እሷ ጢንዚዛው ጌጥ ብቻ ነው። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይፈሳል። ቦታውን «ሱሉልታ» ብላችሁ አትለፉት፤ ስልካችሁ የሚያሳየውን መገኛና ከፍታ ጨምሩ። ምን ላይ እንደነበረና በምን እንደያዛችሁት፣ ከዚያም ስማችሁን ጻፉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ፣ ዓመቱን ሙሉውን፣ አጠገቡም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። ሰዓትም ከጻፋችሁ «ማታ 2 ሰዓት» በሉ፤ ባዶውን «2:00» ፈረንጅ ሌላ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ይጻፍ። ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ያልኩትን አንድም ቀን በትክክል አስታውሼው አላውቅም።

ሳጥኑ ጥግ ናፍታሊን አድርጉ፤ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ እግሮች ውሃ ያለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሙ። እኔ አንዴ ችላ ብዬ ጉንዳን በአንድ ሌሊት መርፌውንና ወረቀቱን ብቻ አስቀርቶልኛል። በየወሩ ክፈቱት። ከአንዱ ሥር ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ውስጡ የሚበላው አለ፤ ሳጥኑን እንዳለ ፍሪዘር ክተቱት።