ኤቭበሪን በአንድ ቀን በእግር እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

በእንግሊዝ ገጠር «ፓሪሽ» ሲባል አንድም ደብሩ ነው፣ አንድም ቀበሌው። በዊልትሸር የምትገኘው ኤቭበሪም እንዲህ ያለች ፓሪሽ ናት። ከሌሎቹ የሚለያት ግን መንደሩ ግማሽ በግማሽ ከ4,000 ዓመት በላይ ባስቆጠረ የድንጋይ ክብ ውስጥ መሆኑ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከታዋቂው የድንጋይ ክብ ከስቶንሄንጅ ይልቅ እዚህ ሂዱ እላለሁ፤ ድንጋዮቹን ማየት በነጻ ነው፣ መዳሰስም ይቻላል።

መጀመሪያ መጓጓዣውን ጨርሱ። ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ስዊንደን ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ 49 ቁጥር አውቶቡስ መንደሩ ድረስ ያደርሳችኋል። የመመለሻውን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ የገጠር አውቶቡስ አንዴ ካመለጠ ቀጣዩ ቶሎ አይመጣም። ጭቃ የሚችል ጫማና ባትሪ አትርሱ፤ ባትሪው ለምን እንደሆነ ኋላ ታያላችሁ።

ስትደርሱ በክቡ ዙሪያ ያለውን የአፈር ክምር ይዛችሁ ተጓዙ። ከስሩ ያለው ቦይ ያኔ 9 ሜትር ገደማ ይጠልቅ ነበር፤ የቆፈሩትም በአጋዘን ቀንድ ነው። ቀጥሎ ወደ ድንጋዮቹ ውረዱ። በጎች ስለሚግጡበት የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ ዝጉ። በመሀል አጫጭር የሲሚንቶ ምልክቶች ታያላችሁ፤ የጠፉ ድንጋዮች ቦታ ናቸው። ምልክቶቹን ያስተከለው በማርማላታ ንግድ የከበረ ቤተሰብ ልጅ የነበረው አሌክሳንደር ኪለር ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀበሩትን ድንጋዮች አስቆፍሮ ሲያቆም፣ በ1938 ከአንዱ ድንጋይ ስር የሰው አጽም ከመቀስና ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሞች ጋር ተገኘ። ሰውየው ፀጉር አስተካካይም ወጌሻም ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ በኪለር ስም ወደተሰየመው ሙዚየም ብትገቡ የበለጠ ይጥማችኋል።

የጠፉት የት ሄዱ? የመንደሩን ቤቶች ግድግዳ ተመልከቱ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ድንጋዩን በእሳት ያግሉና ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱበታል፤ ሲሰነጠቅ ፈልጠው ቤት ይሠሩበታል። ለእኔ ከሙዚየሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ግድግዳ ነው።

የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፤ ከግንቡ ከፊሉ 1,000 ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ጸሎት ላይ ከሆኑ ግን ውጭ ቆዩ። ለምሳ እዚያው ክቡ ውስጥ ያለው ሬድ ላየን የተባለ መጠጥ ቤት ምግብም አለው።

ከሰዓት በእግር መንገዱ ወደ ደቡብ ውረዱ። የሚታየው ሲልበሪ ሂል ሰው የከመረው ኮረብታ ነው፤ በአውሮፓ በቅድመ ታሪክ ከተሠሩት ትልቁ። መውጣት ክልክል ስለሆነ ከታች አይታችሁ እለፉ። አስፋልቱን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትወጡ ዌስት ኬኔት የተባለውን መቃብር ታገኛላችሁ፤ 100 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 አካባቢ ነው። ቢያንስ የ36 ሰዎች አጽም ወጥቶበታል። ባትሪው የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ክፍሎቹ ውስጥ መብራት የለም።

ወደ መንደሩ ለመመለስ አንድ ሰዓት ያህል ያዙ፤ ዝናብ ከነበረ ጭቃው ያዘገያል፣ አውቶቡሱ ግን አይጠብቅም።