የእናትን፣ የአያትንና የራስን የሥራ ዘመን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር

አያቴን «እማማ፣ ሥራ ነበረዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ኧረ የለኝም ልጄ፣ ቤት ነበርኩ» አሉኝ። «ታዲያ ትልቁን ልጅ ሲወልዱ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር?» ስላቸው ግን፣ ልጆቹን አስተኝተው በእግር በሚረገጥ መኪና የሰው ልብስ የሰፉባቸውን 11 ዓመታት ቆጠሩልኝ። ስለዚህ ስትጠይቁ «ሥራ» የሚለውን ቃል ተዉት። ዓመተ ምሕረትም አትጠይቁ፤ ሰው ዓመቱን ይረሳል፣ ልጁ መራመድ የጀመረበትን ወቅት ግን አይረሳም። «ልጁ መራመድ ሲጀምር ማን ያየው ነበር? እርስዎስ የት ይውሉ ነበር?» በሉ።

ከዚያ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ከ15 እስከ 65 ያለውን ዕድሜ በአግድም ጻፉ። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ መስመር ይኑራት፤ በደመወዝ የሠራችበት ድፍን፣ ቤት ሆና ገንዘብ ያገኘችበት ቁርጥራጭ፣ ያቋረጠችበት ባዶ።

ዋናው ነገር በዕድሜ እንጂ በዘመን አለመደርደራችሁ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን የ25፣ የ35 እና የ45 ዓመት ሴቶች አሰልፋችሁ እንደ አንዲት ሴት ሕይወት ካነበባችሁ ሦስት ትውልድ አደባለቃችሁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲን የአሜሪካን የ200 ዓመት መረጃ ስትመረምር አንድ ልብ የሚነካ ነገር አሳይታለች፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያደጉ ልጃገረዶች እናቶቻቸው ቤት ሲውሉ ስላዩ እነሱም ብዙ የሚሠሩ አልመሰላቸውም፤ ትምህርታቸውንም በዚያው ልክ መረጡ። ሕይወት ግን ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ አቆየቻቸው።

መስመሩ ጋብቻ ላይ ከተቆረጠ «ተወችው» ብላችሁ አትለፉ። እ.ኤ.አ. በብሪታንያ እስከ 1946፣ በአየርላንድ እስከ 1973 የመንግሥት ሠራተኛ ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ ደንቡ ያስገድድ ነበር። ያ ባዶ ቦታ የእሷ ምርጫ አይደለም፤ በሌላ ቀለም ለዩት። በወሊድ ዓመታት ተቋርጦ ልጆች ሲያድጉ የሚቀጥል መስመርም ታገኛላችሁ። በጃፓን የሚሠሩ ሴቶች ድርሻ በየዕድሜው ሲሳል ይህ ክፍተት እንደ ጉድጓድ ለብዙ ዘመን ጎልቶ ይታይ ነበር፤ ሴቶች ዘግይተው ሲያገቡና ከወሊድ በኋላም ሥራቸውን ሲቀጥሉ እየሞላ መጥቷል።

ወረቀቱን ሳትጨርሱት ለባለቤቶቹ አሳዩ። የእናቴን ከ29 እስከ 35 ባዶ ትቼው ነበር። ጣቷን አስቀምጣበት «እዚህ እኮ የሦስት ቤት ልጆች እጠብቅ ነበር፤ በየወሩ ይከፍሉኝ ነበር» አለች። በእርሳስ ሥሩት።