ካሜራ በስጦታ ሲገዙ ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

ለምርቃት፣ ለልደት ወይም «ቪዲዮ መሥራት እፈልጋለሁ» እያለ ለከረመ ወንድም ካሜራ መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው። ለራስ የተገዛ ካሜራ ካልተመቸ ይሸጣል ወይም ይቀየራል። በስጦታ የመጣ ሲሆን ግን ተቀባዩን ይሉኝታ ስለሚይዘው «አልሆነኝም» ሳይል ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሰጪውም የት ላይ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ይቀራል። እዚህ የሚነሱት ከ300 እስከ 500 ዶላር ይዞ የሚገዛ ሰው በብዛት የሚወድቅባቸው ናቸው። ዋጋው በብር ሲሰላ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በዶላር መነጋገሩ ይሻላል።

ምን ሊሠራበት እንደሆነ ሳያጣሩ መግዛት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄኛው ነው፤ ሌላው ሁሉ በትክክል ተመርጦ እንኳ እዚህ ላይ ከተሳሳቱ ካሜራው ሥራ ፈት ይሆናል። «ካሜራ ይፈልጋል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። ሳይነቁብዎ ማጣራት ከፈለጉ በስልኩ ምን እንደሚያነሳ ልብ ይበሉ፦ ራሱን እያወራ ይቀርጻል? ልጆቹን ቤት ውስጥ ያነሳል? ወይስ ሰው ሠርግ ሲጠራው ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው?

ለምሳሌ ካኖን 2000ዲን እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ሬብል ቲ7 እየተባለ የሚሸጠው እሱው ነው። ዋጋው ስለሚቀመስ ለስጦታ በብዛት ይገዛል፤ ለፎቶም ጥሩ ነው። ነገር ግን የማይክ መሰኪያ የለውም፣ ስክሪኑ ወደ ፊት አይዞርም፣ ቪዲዮ እየቀረጸም የሚንቀሳቀስን ሰው በፎከስ አይከታተልም። ለዩቲዩብ ለሚሠራ ልጅ ይህን መግዛት ማለት ራሱን ሳያይ፣ ድምፁም ከሩቅ እየመጣ ይቅረጽ እንደ ማለት ነው። ከ2000ዲ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው 200ዲ (በአሜሪካ ስሙ ሬብል ኤስኤል2) ግን ሦስቱንም አሟልቷል፤ ያገለገለ ሆኖ ሲገኝ ከበጀቱ አይወጣም። አዲስ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ካሜራ ማለት አይደለም።

የማይክ መሰኪያ ጉዳይ ሌሎችንም ያጠምዳል። ኒከን ዲ3500 እና ሶኒ ኤ6000 ሁለቱም ጎበዝ የፎቶ ካሜራዎች ሆነው ሳለ 3.5 ሚሊ ሜትር የማይክ ቀዳዳ የላቸውም።

ተቀባዩ በስቱዲዮ መብራት መሥራት የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ የ2000ዲን የፍላሽ መቀመጫ ከላይ ይመልከቱ፤ መሐል ላይ መኖር የነበረበት ክብ የብረት ነጥብ የለም። በዚህ የተነሳ ርካሾቹ የፍላሽ ማስነሻዎች (ትሪገሮች) አይሠሩበትም። የሠርግ ፎቶ ሥራ ሊጀምር ላሰበ ሰው ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ልጆቿን ለምታነሳ እናት ግን ምንም አይደለም።

በሜጋፒክሰል ቁጥር መታለል

ኢንተርኔት ላይ ከ100 ዶላር በታች «48 ሜጋፒክሰል፣ ፎርኬ፣ 16 ጊዜ ዙም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ስመ ጥር ያልሆኑ ካሜራዎች ሞልተዋል። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የርካሽ ስልክ ያህል ነው፤ ቁጥሩ የሚገኘው ትንሹን ምስል በሶፍትዌር በመለጠጥ ነው። ዙማቸውም ዲጂታል ነው፤ ማለትም ምስሉን ቆርጦ ማጉላት ብቻ። ስልክ ያለው ሰው ከእነዚህ የሚያተርፈው ነገር የለም።

መጠየቅ ያለበት የሴንሰሩ ስፋት ነው። በትንንሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ የተለመደው 1/2.3 ኢንች የሚባለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኢንች የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካኖን ኤፒኤስሲ (እንደ 2000ዲ ባሉት ውስጥ ያለው ሴንሰር) 22.3 በ14.9 ነው። የመጨረሻው ከመጀመሪያው በስፋት 12 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ማታ በአምፖል ብርሃን የተነሳ ፎቶ ጠርቶ ወይም አሸዋ ተነስንሶበት የሚወጣው በዚህ ልዩነት ነው። ለኤ4 ወረቀት ጥራቱን የጠበቀ ህትመት 9 ሜጋፒክሰል ይበቃል። ስለዚህ በ18 እና በ24 ሜጋፒክሰል መካከል ላለ ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ።

ሌንሱን እንደ ተለጣፊ ዕቃ ማየት

ካሜራ ከነሌንሱ ሲሸጥ «18-55» የሚል (የዙሙ መነሻና መድረሻ በሚሊ ሜትር) ብቻ አንብበው አይለፉ። ካኖን በዚሁ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋም የማያረጋጋም ሌንስ ሠርቷል። የሚያረጋጋው ስሙ ላይ «አይኤስ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉበት፤ በኒከን ደግሞ «ቪአር» ነው። ከ2000ዲ እና ከ4000ዲ ጋር በአንዳንድ አገሮች የሚሸጠው ርካሹ ጥቅል ማረጋጊያ የሌለውን ሌንስ የያዘ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ምሽት ላይ የሚነሱት ፎቶዎች ልዩነት ግን ትንሽ አይደለም።

ማረጋጊያው የሚያግዘው ግን የራስን እጅ ብቻ ነው፤ የሚሮጥ ሕፃንን አያቆምም። ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል ልደት የሚነሳ ከሆነ ዋናው ነገር ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ያስገባል የሚለው ነው። ይህ በ«ኤፍ» ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ይበዛል። 18-55 ሌንስ እስከ 55 ሲወጣ ኤፍ/5.6 ይሆናል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ሌንስ ከዚህ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፦ በመጀመሪያው 1/30 ሰከንድ የሚጠይቀው ፎቶ በሁለተኛው 1/250 ላይ ይነሳል። በ1/30 የልጁ ፊት ይደበዝዛል፤ በ1/250 ሻማውን ሲያጠፋ ጉንጩ እንደተነፋ ቁጭ ይላል።

ይሁን እንጂ 50 ሚሊ ሜትር በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ጠበብ ይላል። የቆመን ሰው ሙሉ ቁመቱን ለማስገባት ከ4 ሜትር በላይ ማፈግፈግ ያስፈልጋል፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀርባ ከግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ለጠባብ ቤት የካኖን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ/2.8 ወይም የኒከን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ይሻላል።

ኒከን የሚገዛ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስማቸው በ«ዲ» የሚጨርስ የድሮ ሌንሶች በእነሱ ላይ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን ፎከስ የሚደረገው በእጅ ብቻ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ሲገዙ «ጂ» የሚለውን ይምረጡ።

በ«30 ዕቃ በአንድ ላይ» ጥቅል መማረክ

ካሜራው ተመሳሳይ ነው፤ አብሮ የሚመጣው ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ «ዋይድ አንግል»፣ ባለቀለም ፊልተር፣ ካሜራውን የማይሸከም አጭር ትራይፖድ ነው። ዕቃው ሲቆጠር ብዙ ነው፣ ሲሠራበት ግን አንድም የለም። ይለፉት።

በጀቱን በሙሉ ካሜራው ላይ መጨረስ

ሚሞሪ ካርድ የሌለው ካሜራ ሲከፈት የሚነበብበት «ካርድ የለም» የሚል ጽሑፍ ነው። 400 ዶላር ካለዎት ለካሜራና ለሌንስ ከ320 አይለፉ። የቀረው ለካርድ፣ ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለቦርሳና ለካርድ ማንበቢያ ይሆናል። ማንበቢያው ቀላል ቢመስልም ተቀባዩ ኮምፒውተር ከሌለው ፎቶውን በሙሉ ጥራቱ ወደ ስልኩ የሚያሻግርበት ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው። ዲ3500 ለምሳሌ ዋይፋይ የለውም፤ በብሉቱዝ የሚልከው ወደ 2 ሜጋፒክሰል ያነሰ ፎቶ ነው።

ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ በ24 ሜጋፒክሰል ጄፔግ ከ3,000 በላይ ፎቶ ይይዛል። ፉል ኤችዲ ቪዲዮ ግን በደቂቃ ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሚበላ ያው ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ባለ 64 ጊጋባይት፣ ላዩ ላይ «ቪ30» የሚል ምልክት ያለበት ይግዙ፤ ይህ ማለት በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት በታች አይወርድም ማለት ነው።

የተጭበረበረ ካርድ ሞልቷል። ላዩ ላይ 64 ተጽፎበት እውነተኛ መጠኑ 8 የሆነ ካርድ መጀመሪያ ላይ በትክክል ይሠራል። ከ8 ካለፈ በኋላ የሚገባው ግን ይጠፋል ወይም ተበላሽቶ ይገኛል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድግሱ ካለፈ በኋላ ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ስጦታውን ከመጠቅለልዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያስጀምሩት።

ያገለገለውን በሻጭ ቃል ብቻ መቀበል

በዚህ በጀት ያገለገለ መግዛት ብልህነት ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» (ትንሽ ብቻ ያገለገለ) የሚለው ግን የሻጩ አስተያየት እንጂ መረጃ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ሁሉም ዕቃ ስላይትሊ ነው። ካሜራውን በእጅዎ ይዘው የሚፈትሹበት ሩብ ሰዓት ይጠይቁ፤ ሻጩ ካልፈቀደ ይተዉት።

መጀመሪያ ሌንሱን ይፍቱና በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ በፊት በኩል ይመልከቱ። እንደ ቀጭን ክር ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ አይግዙት። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም።

ሌንሱን መልሰው ገጥመው በኤፍ/16 ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልተው ይዩ። ደብዘዝ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ናቸው፤ ይጠረጋል። ጥርት ያለ መስመር ከታየ ግን ጭረት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሌንሱን ከድነው ሻተሩን (ሴንሰሩ ፊት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) አንድ ሰከንድ ክፍት አድርገው ያንሱ፤ ጥቁሩ ላይ ብዙ ቀያይና ሰማያዊ ነጥቦች ከፈሰሱ ሴንሰሩ ደክሟል።

ከዚያ ሳያቋርጡ 30 ያህል ፎቶ ያንሱ። ዙሙን ከጫፍ ጫፍ ያዙሩ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ ፎከስ ያድርጉ። ካኖን ሆኖ መሐል ላይ «ኢረር 01» ካመጣ በሌንሱና በቦዲው መካከል ያለው የብረት ንክኪ ቆሽሿል ወይም ሌንሱ ተበላሽቷል። አብሮት ያለው ፍላሽ ብድግ ብሎ ይበራል? ባትሪው አብጦ ሲወጣ ይታገላል? ማይክ ካለዎት ይሰኩና 1 ደቂቃ ቀርጸው ያዳምጡ።

የሻተር ቁጥርም (ካሜራው እስካሁን ያነሳው ፎቶ ብዛት) አለ። የጀማሪ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ) ሻተር በአብዛኛው ለ100,000 ያህል ፎቶ ይታሰባል። በኒከን ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ስለሚመጣ በቀላሉ ይነበባል፤ ካኖን ግን ፎቶው ላይ አይጽፈውም፣ ለብቻው ሶፍትዌር ይፈልጋል። ብዙ ሠርግ የሠራ ካሜራ መልኩ እንኳ ቢያምር ቁጥሩ ይናገራል።

ከውጭ ሲልኩ አገሩን መርሳት

ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ አይቀየርም። በጣም ረክሶ የተገኘ ሶኒ ካለ ቅድሚያ የቋንቋ ምርጫውን ከፍተው ይዩ።

የታወቁ ካሜራዎች ቻርጀር ላይ «100-240» ቮልት የሚል ካለ ኢትዮጵያ ውስጥ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። የማይታወቀው ችግር ቪዲዮ ላይ ነው። አገር ቤት መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ለአሜሪካ ተስተካክሎ የመጣ ካሜራ በ1/60 ሰከንድ ሻተር ሲቀርጽ ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ይታያል። ብዙዎች ካሜራው የተበላሸ ይመስላቸዋል። መፍትሔው ሜኑው ውስጥ የቪዲዮ ሲስተሙን ከኤንቲኤስሲ (ከአሜሪካው) ወደ ፓል (50 ኸርዝ ላላቸው አገሮች ወደሚሆነው) መቀየርና ሻተሩን 1/50 ላይ ማድረግ ነው።

ትርፍ ባትሪ በሰው እጅ ሲልኩ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይከተት፤ የአየር መንገድ ሕግ ነው። የባትሪውን የብረት ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑት።

የድሮ የኪስ ካሜራ ገዝቶ ካርድ ማጣት

በፈረንጆች የ2000ዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች መልካቸው አሁን ተፈልጓል፤ ለወጣት ጥሩ ስጦታ ሊሆኑም ይችላሉ። ግን የድሮ ሶኒ ሚሞሪ ስቲክ፣ የድሮ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ደግሞ ኤክስዲ የሚባል ካርድ ነው የሚጠቀሙት። ኤስዲ የሚቀበሉትም ቢሆኑ የጥንቶቹ ከ2 ጊጋባይት፣ ቀጥለው የመጡት ከ32 በላይ አያነቡም። ካርዱ አብሮ ካልተሸጠ አይግዙ።

እንደታሸገ መስጠት

አዲስ ካርቶን መክፈት ደስ ይላል፤ ቢሆንም ከመስጠትዎ በፊት ባትሪውን ቻርጅ ያድርጉ፣ ካርዱን በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉ፣ ቀንና ሰዓቱን ያስገቡ። ቀኑ በፈረንጆች ነው የሚሞላው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ፎቶዎቹ ወደ ስልክና ኮምፒውተር ሲገቡ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት የተነሱ ተብለው ይደረደራሉ።

መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደግሞ በመመልከቻው በኩል ሲያይ ሁሉም ነገር ከደበዘዘበት ካሜራው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከመመልከቻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ ከውስጥ የሚታዩት ቁጥሮች እስኪጠሩ ድረስ ማዞር ነው። ከሁሉም በሚረክሰው ካኖን 4000ዲ ላይ ግን ይህች ማስተካከያ የለችም፤ ተቀባዩ መነጽር አውልቆ የሚያነሳ ከሆነ እሱን አይግዙለት።