የአባት መሬት አራሽ ሲያጣ ምን ይደረግ?

አባቴ ደንቢያ፣ ከቆላድባ ወረድ ብሎ ያርሳሉ። አንዱ ወንድሜ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ሄዶ እዚያው ቀረ። ሌላው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ጎንደር፣ አዘዞ። ሦስት ወንድ ልጅ ወልደው ሞፈር የሚይዝላቸው አጡ። እንደኛ የሆነ ቤት ብዙ ነውና ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ለጥምቀት ሁሉም ይመጣል። ሚካኤል አልፎ ከመበተናችሁ በፊት አንድ ጠዋት ከአባታችሁ ጋር ወሰኑን ዙሩ። በእግር ነው፤ ቤት ቁጭ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የደንቢያ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የወሰን ድንጋይ ይውጣል። አባቴ የሽምብራ እሸት እየፈለፈሉ ሲሄዱ ድንገት ቆሙ። አፈሩን በዱላቸው ጫር ጫር አደረጉና «ልጄ፣ እስቲ ዳስሰው» አሉኝ። ስንዝር ያህል ወርዶ ድንጋዩን አገኘሁት። ልጅ ሆኜ ከብት የነዳሁበት ቦታ ነው፤ ግን አላውቀውም ነበር። የሚያውቁት እሳቸውና አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ብቻ ናቸው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ፤ የማሳውን ስም ከነአዋሳኙ ጻፉ። ጎረቤቱንም ጥሩት። እሱ በሌለበት የተዞረ ወሰን ኋላ ጠብ ያመጣል።

የመሬት ደብተሩንም አውጡ። በኛ ክልል ባልና ሚስት በጋራ ነው የሚመዘገቡት፤ የእናታችሁ ስም መኖሩን እዩ።

በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሁለት ተካፍሎ፣ የሚያርስ ሰው ስታገኙ ውሉን በቃል አትተዉት። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት በቃል ተስማማን። እህሉን በሰላም ተካፍለን በጤፍ ጭድ ተኳረፍን። ዘር የማን፣ ማዳበሪያ የማን፣ ጭድ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ምስክር ይፈርም፤ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ይመዝግበው። ሳይታረስም ሳይከራይም ዓመታት የቆየ መሬት ይዞታው ሊነጠቅ ይችላል። «ሸጠን እንገላገል» የሚል ወንድም ካለ ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ከድርሻችሁ የሽምብራ ዘር ሳታስቀሩ ሁሉንም ገበያ አታውጡ። መስከረም ላይም አንዳችሁ ሂዱ። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ፣ ዋልካው እርጥበቱን እንደያዘ ነው። አራሹ የራሱን ቢያስቀድም አይፈረድበትም፤ ግን የናንተው ይደርቃል። ዘንድሮ ተራው የኔ ነበር። አባቴ ዳር ላይ ተቀምጠው ዘሩ ሲበተን ያያሉ። «እዚያ ጥጉ ጋ ሳስቷል» አሉ። ተመልሰን ደገምንበት።